ከሙታን ዓይን ለሕያዋን ብርሃን
የፕሮፌሰር ቭላዲሚር ፊላቶቭ ሕይወትና ሥራ

ብርሃን ወደ ዓይን የሚገባበት መስተዋት መሰል ስስ ሽፋን በሕክምና ቋንቋ ኮርኒያ፣ በኢትዮጵያ በተለምዶ የዓይን ብሌን ይባላል። ይህ ሽፋን በበሽታ፣ በቃጠሎ ወይም በአደጋ ምክንያት ጠባሳ አበጅቶ የነጣ እንደ ሆነ፣ ከኋላው ያለው የዓይን ክፍል ሁሉ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ሰውየው አያይም። ቤቱ ሙሉ ነው፤ ነገር ግን መስኮቱ በጭቃ ተለስኗል። መድኃኒቱም የደፈረሰውን ሽፋን ቆርጦ በማውጣት ጥሩውን በቦታው መተካት መሆኑን ሐኪሞች ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ያላወቁት ጥሩው ሽፋን ከወዴት እንደሚገኝ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ በተግባር የተፈተነ መልስ የሰጡት፣ ከሞተ ሰው ዓይን የተወሰደ ኮርኒያ ለሕያው ሰው ብርሃን ሊሰጥ እንደሚችል በተከታታይ ሥራ ያረጋገጡት፣ የኦዴሳው የዓይን ሐኪም ፕሮፌሰር ቭላዲሚር ፔትሮቪች ፊላቶቭ ናቸው። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የዓይን ባንኮች በሙሉ የቆሙት በዚህ መልስ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ቭላዲሚር ፊላቶቭ በ1875 በሩሲያ፣ በፔንዛ ጠቅላይ ግዛት፣ ሚኻይሎቭካ በምትባል መንደር ተወለዱ። የተወለዱበት ቤተሰብ የሐኪሞች ቤተሰብ ነበር። አባታቸው ፒዮትር ፊላቶቭ በቀዶ ጥገናና በዓይን ሕክምና ይሠሩ የነበሩ ሐኪም ሲሆኑ፣ አጎታቸው ኒል ፊላቶቭ ደግሞ በሩሲያ የሕፃናትን ሕክምና ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ አድርገው ካቋቋሙት ታላላቅ ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሲምቢርስክ ከተማ ሲሆን፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውንም እዚያው በ1892 ፈጸሙ። ከዚያም በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ገብተው በ1897 ተመረቁ።

ከምረቃ በኋላ ጥቂት ዓመታት በሞስኮ በዓይን ሕክምና ክፍሎች ሠሩ። በ1903 ፕሮፌሰር ሰርጌይ ጎሎቪን በጥቁር ባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው የወደብ ከተማ ወደ ኦዴሳ ጠሯቸው። ወጣቱ ሐኪም ጥሪውን ተቀብለው ሄዱ፤ ከጦርነቱ ዘመን ስደት በቀር ከዚያች ከተማ ሳይለዩ 53 ዓመት ኖሩ። በ1908 ለዶክትሬት ማዕረግ የሚያበቃቸውን የምርምር ሥራ አቀረቡ። በ1911 ደግሞ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

ከአንዱ መከራ የአንዱ ተስፋ

በዚያን ዘመን የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ታሪክ ብዙ ውድቀትና አንድ ብርቅ ስኬት የነበረው ነበር። አስቀድሞ የእንስሳት ኮርኒያ ለሰው ለመትከል ተደጋግሞ ተሞክሯል፤ የተተከለው ሁሉ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ደፈረሰ። ብርቁ ስኬት የተገኘው በታኅሣሥ ወር 1905፣ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያና ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው በኦሎሙትስ ከተማ፣ ኤድዋርድ ዚርም በተባሉ ሐኪም እጅ ነው። ሕመምተኛው ሁለት ዓይኖቹ በኖራ የተቃጠሉ ሠራተኛ ነበር። ኮርኒያው የተገኘው ደግሞ በደረሰበት አደጋ ምክንያት ዓይኑ መውጣት ከነበረበት የ11 ዓመት ልጅ ነው። በሠራተኛው በአንዱ ዓይን የተተከለው ኮርኒያ ጠርቶ ቀረና ሰውየው ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይህ ስኬት ዕፁብ ቢሆንም አንድ ጉድለት ነበረበት። ጉድለቱ የቀዶ ጥገናው ጥበብ ሳይሆን የመተኪያው ምንጭ ነበር። የአንዱ ሰው ዓይን ይበራ ዘንድ የሌላው ሰው ዓይን መውጣት ነበረበት፤ የወጣውም ዓይን ኮርኒያው ሳይነካ የቀረ መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ አጋጣሚ በአንድ ከተማ በዓመት ስንት ጊዜ ይገኛል? በኮርኒያ ጠባሳ የታወሩት ሰዎች ግን በፈንጣጣ፣ በዓይን ቁስልና በቃጠሎ ምክንያት እጅግ ብዙዎች ነበሩ። ሐኪሙ ሕመምተኛውን አስተኝቶ የሌላ ሰው መከራ እስኪደርስ የሚጠብቅ ከሆነ ሕክምናው ለሕዝብ የሚደርስ ሕክምና ሊሆን አይችልም።

ፕሮፌሰር ፊላቶቭ ራሳቸው የመጀመሪያውን የኮርኒያ ንቅለ ተከላ የሞከሩት በ1912 ነው። የተተከለው ኮርኒያ ደፈረሰና ሙከራው ከሸፈ። ሆኖም ጥያቄውን አልተዉትም፤ ለጊዜው ግን ጦርነት ሌላ ሥራ ይዞባቸው መጣ።

የቆዳው ድልድይ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የተቆረሰ፣ አፍንጫቸውና መንጋጋቸው የተወሰደ ወጣቶችን ወደ ሆስፒታሎች አጎረፈ። እንዲህ ያለውን ጉድለት በሰውየው በራሱ ቆዳ ለመሙላት የሚደረገው ጥረት ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው፣ ከቦታው የተነሣው ቆዳ ደም አጥቶ ስለሚሞትና ክፍት የሆነው ጀርባው ስለሚመግል ነበር። ፕሮፌሰር ፊላቶቭ በጥንቸሎች ላይ ከመረመሩ በኋላ በ1916 በሰው ላይ ሠርተው በ1917 ያሳተሙት ዘዴ ቀላል ነው። በሁለት ትይዩ መስመሮች የተቆረጠ የቆዳ ሪባን ከሥሩ ይነሣል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ግን ከሰውነት ሳይለዩ ይቀራሉ። ከዚያም የሪባኑ ሁለት ጠርዞች እርስ በርስ ይሰፉና ቆዳው ክብ ሆኖ እንደ ሻንጣ እጀታ ይቆማል። ክፍት ቁስል የለውምና አይመግልም፤ በሁለቱም ጫፍ ደም ያገኛልና አይሞትም። ከሳምንታት በኋላ አንዱ ጫፍ ተቆርጦ ጉድለቱ ወዳለበት ቦታ ይሸጋገራል።

በመጀመሪያ ዘዴውን የተጠቀሙበት በዕጢ ምክንያት የተቆረጠን የታችኛውን የዓይን ቆብ ለመሥራት ነበር። እንግሊዝ አገር የነበሩት ሃሮልድ ጊሊስም በ1917 ስለ ኦዴሳው ሥራ ሳያውቁ በራሳቸው መንገድ ወደዚሁ ዘዴ ደርሰዋል። ጥበቡም በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የብዙ ቁስለኞችን ፊት መልሶ ለመሥራት አገልግሏል። ለፕሮፌሰሩ የወደፊት ሥራ ግን ሌላ ትምህርት ነበረው፤ ይኸውም ሕብረ ሕዋስ በትክክል ከተያዘ ቦታ ቢለቅም እንኳ በሕይወት ሊቆይ የሚችል መሆኑ ነው።

የ1931 ዓመት

ሰው ሞተ በሚባልበት ሰዓት የሰውነቱ ሕብረ ሕዋሳት ሁሉ በአንድ ቅጽበት አይሞቱም። ልብ ከቆመ በኋላ አንጎል በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ ኮርኒያ ግን ከዚያ በላይ ይቆያል። ምክንያቱም ኮርኒያ የደም ሥር የለውም። አየር የሚያገኘው ከውጭ በእንባው በኩል ሲሆን፣ ምግቡን የሚያገኘው በአብዛኛው ከኋላው ካለው የዓይን ውኃ ነው። ስለዚህም የደም ዝውውር ሲቆም ጥፋቱ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የደም ሥር የሌለው መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ የተቀባዩ ሰውነት ባዕዱን ኮርኒያ አውቆ የሚያስወግድበት አጋጣሚ ከኩላሊት ወይም ከሌሎች የአካል ክፍሎች ያነሰ ነው።

ሕብረ ሕዋስን ከሰውነት ውጭ በቅዝቃዜ አቆይቶ የመጠቀም ሐሳብ በፕሮፌሰር ፊላቶቭ አልተጀመረም። የፈረንሳዩ ሐኪም ማዢቶ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከሕያው ሰው የወጣን ዓይን አቆይተው ኮርኒያውን ተክለው ነበር። የኦዴሳው ሐኪም ያከሉት ዋና ነገር ምንጩን መለወጣቸው ነው። ከአስከሬን የተወሰደውን ዓይን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ አቆይተው ኮርኒያውን ተከሉ። በግንቦት ወር 1931 የተደረገው እንዲህ ያለው ንቅለ ተከላ ተሳካ፤ የተተከለውም ኮርኒያ ጠርቶ ቀረ።

አንድ ጊዜ የተሳካ ነገር አጋጣሚ ነው እንዳይባል ሥራው መደጋገም ነበረበት። ስለዚህም ፕሮፌሰሩ ዘዴው በእርሳቸው እጅ ብቻ የሚሠራ ጥበብ ሆኖ እንዳይቀር ደከሙ። የደፈረሰውን ኮርኒያ በሙሉ ከመለወጥ ይልቅ ከመካከሉ ትንሽ ክብ ብቻ ቆርጦ መተካትን መረጡ። ማርትሲንኮቭስኪ ከተባሉ የመሣሪያ ሠራተኛ ጋር ሆነው ክብ መቁረጫ መሣሪያዎችን አዘጋጁ፤ መሣሪያዎቹም እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ይጠራሉ። በዚያን ጊዜ ከነበሩት አደጋዎች ዋነኛው ምላጩ አልፎ ሄዶ የዓይንን ሌንስ መጉዳቱ ነበርና፣ ይህን ለመከላከል ተጨነቁበት። የተተከለው ክብ እንዳይንቀሳቀስም በዓይኑ በራሱ ነጭ ሽፋን መሸፈንን ተጠቀሙ። የዚህ ሁሉ ዓላማ በትልቅ ከተማ የሚኖር አንድ ሊቅ ብቻ ሳይሆን በየአውራጃው ያለ የዓይን ሐኪም ሥራውን እንዲሠራው ማድረግ ነበር።

በ1936 በኦዴሳ የዓይን በሽታዎች ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ የመሩትም እርሳቸው ናቸው። ከልዩ ልዩ የሶቪየት ኅብረት ክፍሎች የመጡ ሐኪሞች እዚያ ሠለጠኑ። በ1937 ከአስከሬን ስለሚወሰድና ተጠብቆ ስለሚቆይ ኮርኒያ የጻፉት ጽሑፍ ዘ ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ሥራው በምዕራብ አገሮችም ታወቀ።

የሟቹ ፈቃድ

የኦዴሳው ሥራ አንድ አሮጌ ጥያቄ ፈትቶ አዲስ ጥያቄ ወለደ። ከዚያ በፊት ሐኪሙ የሚጠይቀው ኮርኒያ ከወዴት ይገኛል ብሎ ነበር። ከ1931 በኋላ ግን በእያንዳንዱ ሆስፒታል በየዕለቱ ከሚያርፉት ሰዎች ጋር ለሌሎች ብርሃን ሊሰጥ የሚችል ኮርኒያ ወደ መቃብር እንደሚወርድ ታወቀ። እንግዲህ ይህን መውሰድ የሚችለው ማን ነው? በማንስ ፈቃድ?

የሶቪየት መንግሥት ለጥያቄው የሰጠው መልስ በትእዛዝ ነበር። በ1937 የወጣው የመንግሥት ውሳኔ ከአስከሬን ኮርኒያ ስለመውሰድና ስለመሰሉት ሥራዎች ለሐኪሞች የሚያስገድድ መመሪያ የማውጣትን ሥልጣን ለጤና ጥበቃ ኮሚሳሪያት ሰጠ። የሟቹና የቤተሰቡ ፈቃድ ዋና ጉዳይ ሆኖ አልተቆጠረም። ይህ አሠራር ለሐኪሞች መተኪያ አስገኘ፤ ነገር ግን ልግስና የሚለውን ቃል ከነገሩ አወጣው። ያልተጠየቀ ሰው ሰጠ አይባልምና።

ሌሎች አገሮች የተከተሉት መንገድ የተለየ ነው። በ1944 በኒውዮርክ በሐኪሙ ታውንሊ ፔተን አማካይነት የመጀመሪያው የዓይን ባንክ ተቋቋመ። ፈረንሳይ በ1949፣ ብሪታንያ በ1952 ሰው በሕይወት ሳለ ዓይኑን ለንቅለ ተከላ እንዲናዘዝ የሚፈቅድ ሕግ አወጡ። በ1961 ስሪላንካ ውስጥ በሐኪሙ ሃድሰን ሲልቫ የተመሠረተው የዓይን ልገሳ ማኅበር ደግሞ ድሀ የሚባል አገር ሕዝብ በገዛ ፈቃዱ ተመዝግቦ ከራሱ አልፎ ለሌሎች አገሮች ኮርኒያ ሊልክ እንደሚችል አሳየ። የሕክምናው ዘዴ መሠረት የተጣለው በኦዴሳ ቢሆንም፣ የመዝገቡና የቃል ኪዳኑ ሥርዓት የተሠራው በእነዚህ አገሮች ነው።

ሰውየውና ስሕተታቸው

ፕሮፌሰር ፊላቶቭ ታላቅ መሆናቸው ከስሕተት አላዳናቸውም። በቅዝቃዜ የቆየ ኮርኒያ ከተተከለ በኋላ በአካባቢው ያለው ጠባሳም ሲሳሳ በማየታቸው፣ ከ1933 ጀምሮ ሰፋ ያለ አስተሳሰብ አቀረቡ። ይኸውም ከሰውነት ተለይቶ በብርድና በጨለማ የቆየ ሕብረ ሕዋስ ከሞት ጋር ሲታገል ፈዋሽ ኃይል ያላቸውን ንጥረ ነገሮች ያመነጫል የሚል ነበር። ከዚህም ተነሥተው ከእንስሳትና ከዕፅዋት የተዘጋጁ መድኃኒቶችን ለብዙ ዓይነት በሽታ አዘዙ። ዘዴው በሶቪየት ኅብረት በሰፊው ተሠራበት፤ የኢንስቲትዩቱም ስም አካል ሆነ። ነገር ግን የተባለለት ሰፊ ፈዋሽነት በኋለኛው ዘመን የምርምር ሚዛን ተመዝኖ አልጸናም። ኮርኒያን በቅዝቃዜ ማቆየት የሚጠቅመው ሴሎቹ የሚሞቱበትን ጊዜ ስለሚያዘገይ ነው እንጂ አዲስ ኃይል ስለሚፈጥርላቸው አይደለም። ዛሬ ኮርኒያ በልዩ ፈሳሽ ውስጥ በቅዝቃዜ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ሊቆይ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1941 ጦርነቱ ኦዴሳ ሲደርስ ኢንስቲትዩቱ ወደ ፒያቲጎርስክ፣ ከዚያም ወደ ታሽኬንት ተዛወረ። ፕሮፌሰሩም ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ያለፈ ሲሆን በስደት ከተማ የቁስለኞችን ዓይን ሲያክሙ ቆይተው በ1944 ወደ ኦዴሳ ተመለሱ። በ1939 የዩክሬን የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1944 የሶቪየት ኅብረት የሕክምና ሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ነበር። በ1941 የስታሊን ሽልማትን፣ በ1950 ደግሞ የሶሻሊስት ሥራ ጀግና የሚለውን ማዕረግ ተቀብለዋል።

ይህን ሁሉ ክብር የሰጣቸው መንግሥት ሃይማኖትን የሚነቅፍ መንግሥት ሲሆን፣ እርሳቸው ግን የኦርቶዶክስ ክርስትና እምነታቸውን እንደ ጠበቁ የኖሩ ሰው ነበሩ። በትርፍ ጊዜያቸው ሥዕል ይሥሉ፣ ግጥምም ይጽፉ ነበር። የሟችን ዓይን ለሕያው መስጠት ከእምነት ጋር ይጣላል ብለው የሚሠጉ ሰዎች በየአገሩ አሉና፣ ይህን ሕክምና ለዓለም ያስተማረው ሰው አማኝ እንደ ነበረ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ፕሮፌሰር ፊላቶቭ በጥቅምት ወር 1956 በ81 ዓመት ዕድሜያቸው በኦዴሳ አረፉ፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት በስማቸው ይጠራል።

ከኦዴሳ እስከ አዲስ አበባ

ኢትዮጵያ ውስጥ የዓይን ባንክ የተቋቋመው በ2003 በአዲስ አበባ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዎች በሕይወታቸው ሳሉ ቃል በመግባት ሲመዘገቡ፣ ከሞቱም በኋላ ኮርኒያቸው ለሌሎች ሲተከል ቆይቷል። ችግሩ ምን ያህል እንደ ሆነ በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ያሳያል። በጥናቱ መሠረት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች 11.5 በመቶው ከትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ ከሌላ ምክንያት የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ ነው። እርግጥ ነው፣ ትራኮማ ያጠፋው ዓይን ሁሉ በንቅለ ተከላ አይድንም። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ እንባው የደረቀ፣ የደም ሥር የወረሰው ዓይን አዲሱን ኮርኒያ መልሶ ያደፈርሰዋል። ለእንዲህ ያለው በሽታ ዋናው መድኃኒት ውኃ፣ ንጽሕናና በጊዜ መታከም ነው። ዓይናቸው ለንቅለ ተከላ የሚመች ግን ብዙ ሕመምተኞች አሉ፤ እነርሱም የሚጠብቁት ለጋሽ ነው።

በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ሰጪዎቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ዘመድ ለዘመዱ ኩላሊቱን ሲሰጥ ቀዶ ጥገናውንና ከዚያ በኋላ በአንድ ኩላሊት መኖርን ይቀበላል። ኮርኒያውን የሚናዘዝ ሰው ግን በሕይወቱ ሳለ የሚያጣው አንዳች ነገር የለም። የሚሰጠውም ለማያውቀው ሰው ነው። ሁለት ሰዎች ከእርሱ ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ አስከሬኑም ፊቱ ሳይበላሽ፣ ለቅሶውና ፍትሐቱ ሳይጓደል ይቀበራል።

አስቸጋሪው ነገር ሰዓቱ ነው። ኮርኒያ ከሞት በኋላ ሊወሰድ የሚገባው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ እነዚያ ሰዓታት ደግሞ የሟች ቤተሰብ ልብ የተሰበረበት፣ ዕድርተኛው ድንኳን የሚተክልበት፣ መርዶ ነጋሪው በየአቅጣጫው የሚላክበት ጊዜ ነው። ሟቹ በመዝገብ የሰፈረ ቃል ቢኖረው እንኳ ቤተሰቡ አስቀድሞ ካላወቀና ካልተስማማ በዚያ ሰዓት ስልክ አንሥቶ ወደ ዓይን ባንክ የሚደውል አይገኝም። ስለዚህ መመዝገብ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወንድምና ለእኅት በጤና ጊዜ ነግሮ ማስማማት ነው።

በዚህ ረገድ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ የጤና ባለሙያው ኃላፊነት ይከብዳል። በሞት አልጋ አጠገብ የሚቆመው እርሱ ነው፤ ቤተሰቡ የሚያምነውም እርሱን ነው። ስለ ልገሳ ያልተናገረ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ማንንም አልበደለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ሆስፒታል በሌላ ፎቅ ዓይኑ ታስሮ የሚጠብቅ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ባለሙያው እንጂ ለቀስተኛው አይደለም። ሌላውን ቃል እንዲገባ የሚጠይቅ ሰውም አስቀድሞ የራሱን ስም በመዝገቡ ላይ ሊያሰፍር ይገባዋል።

ፕሮፌሰር ፊላቶቭ ከ1912 ውድቀት እስከ 1931 ስኬት ድረስ 19 ዓመት ጠብቀዋል። በእነዚያ ዓመታት ይገድባቸው የነበረው የእውቀት ማነስ ነበር። ያ እውቀት ዛሬ በእጅ አለ፤ ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩ ባለሙያዎችም በአዲስ አበባ ይገኛሉ። የቀረው ከሕያዋን የሚጠበቀው ፈቃድ ነው።